ከጠጣችው በላይ ያጠላሸች ኩራዝ

መቱ መናኸሪያ ወርዳችሁ ለመጀመሪያው ባጃጅ «የጥላሸቱ መምህር ቤት» ብትሉት ምንም ሳይጠይቅ ያመጣችኋል። ትክክለኛ ስሜን ብትነግሩት ግን ከተማውን ሲያዞራችሁ ይውላል። ስም እንዲህ ነው፤ እናት አባት ያወጡት ቤት ይቀራል፣ ጎረቤት ያወጣው አደባባይ ይወጣል። እኔም ዛሬ ይህ ስም እንዴት እንደወጣልኝ ላጫውታችሁ ነው። ወሬውን ሲያወሩ አንዳንዶቹ ቤት አቃጥሎ ነው ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ መድኃኒት ቀማሚ ያደርጉኛል። ሁለቱም ሐሰት ነው። ቤቱ አልተቃጠለም፤ ትንሽ ጠቆር አለ እንጂ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛ ዲግሪዬ ነው። ጓደኞቼ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሰው የሚገባውን ነገር መረጡ፤ አንዱ የቡና በሽታ፣ አንዱ ንብ፣ አንዱ የሶርን ወንዝ። እኔ የመረጥኩት በነበልባል ውስጥ የሚፈጠረው የጥላሸት ቅንጣት መጠኑ ስንት እንደሆነ በኮምፒውተር አስልቶ ማወቅን ነው። ነበልባሉም የሌላ አይደለም፣ የኩራዝ ነው። ለምን ኩራዝ ብትሉኝ፣ ያደግኩት በኩራዝ እያጠናሁ ነው። ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬን ስናፈጥ መሐረቤ ላይ የማየው ያ ጥቁር ነገር ምን እንደነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን ለአማካሪዬ ለዶክተር ገመቹ ስነግራቸው «ሳይንስ የጀመርከው ቂም ይዘህ ነው ማለት ነዋ!» ብለው ፈቀዱልኝ።

እናቴ ጎሬ ነው የምትኖረው፤ ገበያ ላይ እህል ትሸጣለች። በስልክ ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

«አሁን ምን እየሠራህ ነው፣ ልጄ?»

«ጥላሸት እየቆጠርኩ።»

«ጥላሸት!» አለች። ከዚያ «እሱ ይሁንህ» ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።

እናንተም እንዳትደነግጡ በአጭሩ ላስረዳ። ጥላሸት በነበልባል ውስጥ ሲወለድ በዓይን አይታይም፤ ከደቀቀ በርበሬ ብናኝ አጠገብ ቢቆም እንኳ የሚያየው የለም። ከዚያ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ሲጋጭ ይጣበቃል፣ ሲጣበቅ ያድጋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ተያይዞ ተያይዞ የሰው ኮርኒስ ያጠቁራል። ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ጣሳዎች ደረደርኩ። እውነተኛ ጣሳ እንዳይመስላችሁ፣ በሐሳብ ነው። የመጀመሪያው ጣሳ መጠናቸው አንድ የሆኑ ቅንጣቶችን ይይዛል፤ ሁለተኛው ሁለት የሆኑትን፣ ሦስተኛው አራት፣ አራተኛው ስምንት፣ እንዲህ በእጥፍ በእጥፍ እያለ ሠላሳ ስድስት ጣሳ። ሁለት ቅንጣቶች ተጋጭተው ሲጣበቁ ከነበሩበት ጣሳ ይወጡና ለአዲሱ መጠናቸው በሚስማማው ይገባሉ። በቃ። ሦስት ዓመት የፈጀብኝ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ዶክተር ገመቹ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ስማኝ» አሉ፤ «ከዚህ በኋላ ማራዘሚያ የለም። የሚመጣውን ሳምንት ሐሙስ ፈታኙ ከሌላ ከተማ ይመጣሉ። ያን ቀን ካለፍክ አለፍክ። ካላለፍክ ሦስቱን ዓመት ውሃ በላው፤ ከሀ ትጀምራለህ።»

«አልቋል እኮ፣ ዶክተር።»

«አላለቀም። ኩራዝህ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻዋን ነው የምትበራው፣ ምስክር የላትም። እውነተኛ ኩራዝ አብራ። ምን ያህል ላምባ እንደጠጣች፣ ምን ያህል ጥላሸት እንዳወጣች መዝን። ከዚያ ከስሌትህ ጋር አስተያየው። ማሎ፣ እባክህ፣ ይህችን ብቻ!»

«ይህችን ብቻ» የምትባለዋን የአማካሪዎች ቃል የሚያውቃት ያውቃታል። ሰው ያረጀው በእሷ ነው።

ኩራዝ ፍለጋ ተጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእኛ ልጅነት ኢሉባቦር ውስጥ ኩራዝ የሌለበት ቤት ቢፈለግ አይገኝም ነበር፤ ዛሬ ኩራዝ ያለበት ቤት ቢፈለግ አይገኝም። ሁሉም ሶላር አለው፤ ሶላር የሌለው የስልክ ባትሪ ያበራል። መቱ ውስጥ የጠየቅኩት ባለሱቅ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «መምህር፣ ደሞዝ አልገባም እንዴ?» አለኝ። ኡካ ሄድኩ፤ በቻርጅ የሚሠራ የእጅ መብራት ሊሸጡልኝ ተሻሙ። ኖፓ ላይ አንዲት ባልቴት አላቸው ተብዬ በዝናብ ብሄድ፣ እሳቸው ደግሞ የክሯን ቀዳዳ በሰም ደፍነው የጎመን ዘር ማስቀመጫ አድርገዋታል። ዘሩን አውጥተው ኩራዟን እንዲሰጡኝ ብለምናቸው «ጎመኑን አንተ ታበላኛለህ?» አሉኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ያዳኑኝ አከራዬ ናቸው። እትዬ ዘነበች ከጉራጌ አገር በሙሽርነታቸው መጥተው መቱ ላይ ሠላሳ ዓመት የነገዱ ሴት ናቸው፤ የቡናና የእህል ሱቅ አላቸው፣ እኔ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቻለሁ። ሲሸጡ በኦሮምኛ ነው፣ ሲመክሩ በአማርኛ ነው፣ ሲቆጡ በጉራጊኛ ነው። እኔ ጉራጊኛ የለመድኩት ከሳቸው ነው፤ ከምን እንደለመድኩት ገብቷችኋል። እሳቸው ለደንበኛቸው ለኦቦ ቶለሳ ነገሩልኝ። ኦቦ ቶለሳ ከዳሪሙ በእግራቸው ተጉዘው ለገበያ ቀን ቡና የሚያመጡ ሽማግሌ ናቸው። በሚቀጥለው ገበያ ከቡናው ጆንያ ጎን በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ሲፈቱት ኩራዝ! ሆዷ የተጨረማመተ፣ አንገቷ የጠቆረ፣ እጀታዋ በሽቦ የታሰረ።

«ኩን ካን ሃዳ ኮቲ» አሉ፣ በሁለት እጃቸው እንደያዟት። «የእናቴ ናት፣ በርሲሳ፣ መምህር። እሷ ካለፈች ወዲህ አልበራችም። ስትጨርስ ትመልሳለህ።»

«እመልሳለሁ፣ ኦቦ ቶለሳ። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት።»

«ዓይንህን ተወው፤ እሷን ጠብቃት።»

ኩራዟን ላምባ ሞላሁና ጋሽ ሙደሲር ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ጋሽ ሙደሲር ሁለት ቤት አልፎ ያሉ የስልጤ ወርቅ ሠሪ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ከሳቸው ሚዛን የሚረቅ ሚዛን የለም። ኩራዟን መዘኑልኝና ቁጥሩን በወረቀት ጻፉልኝ። ሲመልሱልኝ ጣታቸውን ሦስት ጊዜ ጠረጉ።

ቅዳሜ ቀን ዝናቡ መቱን እንደ ልማዱ ሲያጥብ፣ እኔ ክፍሌን ዘግቼ ኩራዟን ለኮስኩ። ነፋስ አንዲት ቅንጣት እንዳይሰርቀኝ መስኮቱን በጋቢዬ ወተፍኩት። ከነበልባሏ በላይ ንጹሕ ትሪ ገልብጬ በሽቦ አንጠለጠልኩ፤ ጥላሸቱ እሱ ላይ ይጋገራል፣ እኔ በዶሮ ላባ እጠርጋለሁ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ትሪው ላይ የተጋገረው አንዲት ቅንድብ ለመኳል አይበቃም። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የእኔ ነገር የሚመጣው፤ እኔ ጥቂት ነገር አይቼ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ትንሽ ብትጨምር ምናለበት ብዬ የኩራዟን ክር ወደ ላይ ሳብኩት። ጨመረች። ደስ አለኝና አሁንም ሳብኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሚገባ አላየሁትም፣ ምክንያቱም ምንም አይታይም ነበር። ላባዬን ይዤ ትሪው ሥር ተንበርክኬ «ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ የኔ እመቤት» እያልኩ እጠርጋለሁ። ጭሱ በበሩ መውጣት ሲያቅተው በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ወደ እትዬ ዘነበች ሱቅ ገብቶ ኖሯል። እኔ የሰማሁት «እሳት! አቢዳ! የመምህሩ ቤት!» የሚል ጩኸት ነው። በሩ ተበረገደ። ጎረቤቱ በጀሪካን፣ በባልዲ፣ አንዱ ደግሞ በሻይ ማንቆርቆሪያ መጣ። እሳት ቢፈልጉ አጡ፤ ያለችው ኩራዝ ብቻ ናት፣ እሷንም እኔ እፍ ብዬ አጥፍቼ ከትሪው ጋር ሆዴ ሥር ሸሽጌያታለሁ። ስለዚህ እኔን አጠፉኝ። ጀርባዬ ላይ ሦስት ጀሪካን ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ነው ትሪዬ ደረቅ መሆኑን አይቼ ቀና ያልኩት።

እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመዋል። ኮርኒሱን ያዩታል፣ እኔን ያዩኛል፣ ኮርኒሱን ያዩታል። ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ነጭ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ነበር። ነበር።

«ልጄ» አሉ በጣም ቀስ ብለው፤ «በቀን ብርሃን ኩራዝ የሚያበራ ሰው ምን ቢቸግረው ነው?»

«ጥላሸት ፈልጌ ነው፣ እትዬ።»

«ጥላሸት ፈልገህ! ማጀቴ ጣሪያ ላይ የሠላሳ ዓመት ጥቀርሻ ተንጠልጥሎ አይደለም እንዴ? ለምን አልነገርከኝም? በመጥረጊያ አወርድልህ ነበር!»

ከዚያ በጉራጊኛ ቀጠሉ። ያንን አልተረጉምላችሁም።

ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሰኞ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ በጣም ጸጥ ብለው አዳመጡኝ፤ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኩ። ስወጣ ነው በመስኮቱ መስታወት ራሴን ያየሁት። ዓይኔ ዙሪያውን እንደ ሙሽራ ተኩሏል። በዚያው ቀን ወሬው ሌላ መልክ ያዘ፤ መምህሩ የጥላሸት መድኃኒት አውጥቷል ተባለ። ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ አንዱ የቆሰለ እግሩን ይዞ በሬ ላይ ቆሟል። ከጎኑ አንድ መሪጌታ ባዶ የቀለም ቀንድ ይዘው ተቀምጠዋል፤ «ልጄ፣ የብራና ቀለም ላዘጋጅ ነው፣ ከጥላሸትህ ቆንጠር ብታደርግልኝ» አሉኝ። የሰው ፊት ማስቀየም እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። እያንዳንዷ ቅንጣት ለመንግሥት ትፈለጋለች ብዬ ዋሸኋቸው። መንግሥት ለጥላሸት ምን እንደሚያደርግ አልጠየቁኝም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ባለቁስሉን ወደ ጤና ጣቢያ ልኬው ትሪውንና ኩራዟን ተሸክሜ ጋሽ ሙደሲር ዘንድ ተመለስኩ። ጥላሸቱን በትንሽ ብራና መሳይ ወረቀት ላይ አፍስሼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ወርቅ እንደሚመዝኑት አድርገው መዘኑት።

«ባለ ስንት ካራት ነው?» አሉኝ በጣም ኮስተር ብለው።

ኩራዟ የጠጣችው ላምባ አንድ የሻይ ብርጭቆ አይሞላም። ያወጣችው ጥላሸት ደግሞ፣ ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ኮርኒስ፣ ያመለጠውን በግምት ብንጨምርበት እንኳ ከአንዲት ልጃገረድ የጆሮ ጉትቻ ጥንድ አይበልጥም። ቁጥሬን ይዤ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ያንኑ ያህል ላምባ ለኮምፒውተሯ ኩራዝ አጠጣሁና ስንት አወጣሽ ብዬ ጠየቅኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ የቅንጣቶቹን መጠን ብቻ እንጂ ጠቅላላ ክብደታቸውን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

መልሱን አይቼ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። የኮምፒውተሯ ኩራዝ ከጠጣችው ላምባ በላይ አጠላሽታለች። አንድ ብርጭቆ ጠጥታ አንድ ተኩል ብርጭቆ የሚመዝን ጥላሸት! እንዲህ ያለች ኩራዝ በእውነት ብትኖር ኖሮ ላምባ ማን ይገዛ ነበር? ጥላሸቱን መልሶ እያነደዱ ዘላለም መኖር ነው።

ፈታኙ ሊመጡ ሦስት ቀን ቀርቷል። እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም። ዕድሜዬን አሰብኩ፣ እናቴን አሰብኩ፣ «ከሀ ትጀምራለህ» የሚለውን አሰብኩ። ማክሰኞ ጠዋት ተነስቼ ስህተቴን ፍለጋ ገባሁ። የሙቀቱን ስሌት ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። የአየሩን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። የኬሚካሉን ስፈትሽ ቆየሁ፤ እሱም እንከን የለው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፤ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይሞታል፣ ታማኝ ነው። ጭንቅላቴን ይዤ ወጥቼ እትዬ ዘነበች ሱቅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘነበች ቡና በወንፊት እየነፉ ትልቁን ከትንሹ ይለያሉ። ስለ ኮርኒሱ ገና አኩርፈዋል፤ ግን ፊቴን ሲያዩ ወንፊቱን አስቀመጡ።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«ሰው አልሞተም። ኩራዜ ከጠጣችው በላይ አጠላሸች፣ እትዬ።»

«እንዴት አድርጋ?»

«እሱን ባውቅ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?»

«እንግዲያው አሳየኝ» አሉ። «በአፍ አይገባኝም፤ በዕቃ አሳየኝ።»

ከመደርደሪያቸው ጣሳዎች አውርጄ መሬት ላይ ደረደርኩ። ይህ አንድ አንድ ፍሬ የሆኑት፣ ይህ ሁለት ሁለት የተጣበቁት፣ ይህ አራት አራት፣ ይህ ስምንት ስምንት አልኳቸው። ቡና እያነሳሁ አጋጨሁላቸው። አንድና አንድ ሲጣበቁ ሁለት፣ ወደ ሁለት ጣሳ። ሁለትና ሁለት አራት፣ ወደ አራት ጣሳ። እትዬ ዘነበች ራሳቸውን እየነቀነቁ አዩ።

«አንዱና ሁለቱ ሲጋጩስ?»

«ሦስት ይሆናል።»

«የሦስት ጣሳህ የታለ?»

«የለኝም። ለሁሉም ጣሳ ከሠራሁማ አያልቅም።»

«ታዲያ ሦስቱን የት ነው የምትጨምረው?»

«አራቱ ጣሳ ውስጥ።»

«እንደ አራት ሆኖ ይቆጠራል?»

«አዎ።»

«አምስት ሲሆንስ?»

«ስምንቱ ጣሳ ውስጥ።»

እትዬ ዘነበች ወገባቸውን ያዙ። «ለምን?»

ለምን? ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ይህችን መስመር የጻፍኳት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በኋላ አስተካክላታለሁ ብዬ ረሳኋት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። «እኔ እንጃ፣ እትዬ» አልኩ፤ «ወደ ታች ማድረግ ስስት መስሎ ታየኝ መሰለኝ።»

እትዬ ዘነበች ጣሳዎቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳቁ! ወንፊቱ ተገለበጠ፣ ቡናው ተበተነ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ።

«ምራቂ ነዋ!» አሉ። «ኮምፒውተሩን ምራቂ አስተማርከው! የእህል ሻጭ ልጅ!»

እውነታቸውን ነው። እናቴ ጎሬ ገበያ ላይ ስትሰፍር ጣሳውን በልኩ ሰፍራ አታውቅም፤ ከአፉ በላይ ትቆልላለች፣ ከዚያ ላይ ደግሞ እፍኝ ትጨምራለች። ልኩን መስፈር በእኛ ቤት ነውር ነው። እኔ ቀለም ሳልቆጥር ምራቂ ቆጥሬያለሁ። እጄ የለመደውን ነው የጻፈው፤ ሦስት ሆኖ የመጣውን ቅንጣት «እንካ፣ አራት አድርገው» እያለ ሸኘው።

«እስቲ ንገረኝ» አሉ እንባቸውን ጠርገው፤ «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የምትመርቀው?»

«እትዬ፣ በጣም ብዙ ጊዜ ነው። ቅንጣቶቹ ስፍር ቁጥር የላቸውም፣ ሁሉም ይጋጫሉ።»

«አየህ፣ እኔ በቀን ለሃያ ሰው ብመርቅ የራሴ ጆንያ ነው የሚጎድለው። የኔ ምራቂ ከጆንያዬ ነው የሚወጣ። ያንተ ከማን ጆንያ ነው?»

ከማንም ጆንያ አልነበረም። በኮምፒውተሬ ውስጥ እኔ ስመርቅ የሚጎድልበት ሰው አልነበረም። ከዜሮ ነበር የምመርቀው። በእያንዳንዷ ግጭት ጥላሸቱ ከምንም ተነስቶ ይወፍራል፣ የወፈረው ደግሞ ሲጋጭ እንደገና ይመረቅለታል።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምን ታደርጋለህ፣ ልክ ትሰፍራለሃ! ሦስት ሁለት ጊዜ ሲመጣብህ አንዱን ወደ ሁለቱ ጣሳ፣ አንዱን ወደ አራቱ ጣሳ ላክ። አንዱ ያጣውን አንዱ ያገኛል፤ ድምሩ ያው ስድስት ነው። አምስት አራት ጊዜ ከመጣ ሦስቱን ወደ አራት፣ አንዱን ወደ ስምንት። ቡና በጋራ ስንገዛ እንዲህ አይደል የምንካፈለው? ማን ይቀየማል?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሃያ። በልክ ሃያ። ብድግ ብዬ ግንባራቸውን ሳምኳቸው። «ኮርኒሱን ግን ትቀባለህ» አሉኝ።

አሁን የቀረው ፕሮግራሙን አስተካክሎ እንደገና ማስኬድ ነው፤ መብራት ግን የለም። እትዬ ዘነበች እጄን ይዘው የሚያውቁት ወፍጮ ቤት ወሰዱኝ፤ ጄነሬተር አለው። ረቡዕን ሙሉ ከበቆሎ ጆንያ ጋር ተደግፌ፣ ላፕቶፔን በእሳቸው ነጠላ ሸፍኜ፣ ድንጋዩ እየጮኸ፣ ዱቄቱ እየዘነበብኝ ቆየሁ። ቅዳሜ ጥቁር ነበርኩ፣ ረቡዕ ነጭ ሆንኩ። አመሻሹ ላይ ኮምፒውተሩ ጨረሰ። ነጠላውን ገልጬ አየሁ። የኮምፒውተሯ ኩራዝ ያወጣችው ጥላሸት ከጋሽ ሙደሲር ሚዛን ጋር የሚለያየው በጥቂት ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጮኼ ዘለልኩ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ተሳቀው ጥግ ያዙ።

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ተማሪዎቼ፣ ዶክተር ገመቹ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ነጭ ለብሰው እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ኩራዛቸውን ሊወስዱ የመጡት ኦቦ ቶለሳ አሉ፤ «ጃባዱ!» ብለው ጡጫቸውን ከፍ አድርገው አበረታቱኝ። ፈታኙ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እስክሪብቶ የሚያጮሁ ሰው ናቸው። አርባ ደቂቃ አቀረብኩ። እስክሪብቶው ቀጭ ቀጭ ይላል። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«በሁለት ጣሳ መካከል የሚወድቀውን ቅንጣት ያከፋፈልክበት ዘዴ ትክክል ነው። ግን ጽሑፍህ ላይ ምንጭ አልጠቀስክም። ከየት አገኘኸው?»

ዘዴው መጻሕፍቱ ውስጥ እንዳለ ረቡዕ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ አግኝቼዋለሁ፤ እኔ ያንን ምዕራፍ በመጀመሪያው ዓመት ዘልዬው ነበር። መዋሸት እችል ነበር። ለመሪጌታው የዋሸሁት ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«መጻሕፍት ውስጥ አለ፣ ጌታዬ። እኔ ግን ያገኘሁት ከሱቅ ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ከምን ሱቅ?»

«ከኔ!» አሉ እትዬ ዘነበች ተነስተው። ዶክተር ገመቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እትዬ ዘነበች ግን ከቦርሳቸው አንድ እፍኝ ቡና አወጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የውሃ ብርጭቆዎች ደርድረው ሦስቱን፣ አምስቱን፣ ወደ ላዩን፣ ወደ ታቹን እየቆጠሩ አሳዩ። «ይኼ ልጅ ሦስት ዓመት ከማንም ጆንያ ሳይሆን ሲመርቅ ነበር» ብለው ጨረሱ። ፈታኙ ብርጭቆዎቹን ለብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አስወጡን፣ መልሰው አስገቡን። «አልፏል» አሉ ፈታኙ። «ውጤቱ በጣም ጥሩ ነው።»

እናቴ ትዝ አለችኝ። አዳራሹ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ እትዬ ዘነበች ቀደሙት።

«ከ‹በጣም ጥሩ› በላይ የለም እንዴ?»

«‹እጅግ በጣም ጥሩ› የሚባል አለ።»

«ታዲያ ትንሽ አይመርቁለትም?»

ያ ዝምተኛ ሰው ሲስቅ ጥርሱ ምን እንደሚመስል መቱ ያን ቀን አየች። «እትዬ» አሉ፤ «ይህን ልጅ ሦስት ዓመት ያስለቀሰው ምራቂ አይደለም እንዴ?»

ከሰዓት በኋላ ፈታኙ ከመሄዳቸው በፊት የኢሉባቦር ቡና ልግዛ ብለው ሱቅ መጡ። ኦቦ ቶለሳ የእናታቸውን ኩራዝ በኮባ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል፤ ሁላችንም ቆመን እናያለን። እትዬ ዘነበች ጣሳውን ሞሉ። ከዚያ በመዳፋቸው አፉን ሙልጭ አድርገው ጠረጉት፤ በልኩ። ፈታኙ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ እኔም ደነገጥኩ፣ ለእንግዳ ልክ ይሰፈራል እንዴ? እትዬ ዘነበች ጣሳውን ፌስታሉ ውስጥ ገለበጡት። ቀጥለው እጃቸውን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርናቸው ከትተው፣ ከጣቶቻቸው መሀል የሚፈስ ሙሉ እፍኝ አወጡና ጨመሩላቸው። አንዴ ደግሞ ጨመሩ።

«ምራቂ ከተለካ በኋላ ነው» አሉ፣ እኔን እያዩ። «መለኪያው ውስጥ አይደለም።»

እኔም ፌስታሌን ዘረጋሁ። ሞሉ፣ ጠረጉ፣ ገለበጡልኝ። ሳልዘጋ ጠበቅኳቸው። እትዬ ዘነበች አዩኝ። ከዚያ ከጆንያው አንዲት ፍሬ ቡና፣ አንዲት ብቻ፣ መርጠው አነሱና ከላይ አስቀመጡልኝ።

«ያንተ ይኸው» አሉ። «መለካት እስክትለምድ።»